ባዶ ያልነበረች ከተማ፦ ዋሽንግተንና ስደተኛው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ

ስለ ስደት በተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ የስደት ከተማ የመጠበቂያ ክፍል ሆና ትታያለች። ስደተኛው ሻንጣውን ሳይፈታ ይቀመጥባታል፤ ዓይኑ ከበሩ፣ ጆሮው ከአገሩ ወሬ አይለይም። ከተማይቱ ስም እንጂ ታሪክ የላትም። የሚሠራበትን ሆቴል፣ ሌሊቱን የሚያነጋበትን የመኪና ማቆሚያ፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበትን ጎዳና ማን እንደገነባው፣ ማንስ እንዳለቀሰበት አይጠይቅም። ይህ አስተያየት ከየት እንደመጣ ይገባናል። ሰው ሳይወድ በገባበት አገር ልቡን ለማሳረፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ልቡን ካሳረፈም አገሩን የከዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ስደቱ የጥቂት ዓመታት እንግድነት መሆኑ ቀርቶ የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ሲሆን፣ የምንሠራባትን ከተማ አለማወቅ ራሳችንን አለማወቅ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንዲት ከተማ፣ ስለ ዋሽንግተን እንናገራለን። ከኢትዮጵያ ውጭ ታላላቅ ከሚባሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ በእርሷና በዙሪያዋ ይኖራል። ልንለው የፈለግነው ነገር አጭር ነው። በዚህች ከተማ ያገኘነው ተስፋ ባለቤት አጥቶ ሲጠብቀን የቆየ ተስፋ አልነበረም። ከእኛ በፊት ሌሎች ሰዎች በላባቸውና በደማቸው የከፈቱት በር ነው። ከተስፋው ጋር አብሮ የመጣው ፈተናም ከዚሁ ታሪክ የተቆራኘ ስለሆነ፣ ታሪኩን ያላወቀ ሰው ፈተናውን ሊያልፍ አይችልም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የቀደሙን ሰዎች

ዋሽንግተን የአሜሪካ መንግሥት መቀመጫ እንደሆነች ዓለም ያውቃል። የጥቁሮች አሜሪካውያን የትምህርትና የባህል ማዕከል እንደነበረች ግን ብዙ አይነገርም። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1867 ተመሠረተ። ትናንት ባሪያ የነበሩትንና ልጆቻቸውን ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መምህር እያደረገ አወጣ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ከ1922 እስከ 1959 የአፍሪካን ታሪክ አስተማሩ። በዚያን ዘመን አፍሪካ ታሪክ አላት የሚል መምህር በሌሎች ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ እንደ ሕልመኛ ይቆጠር ነበር።

ከሃንስቤሪ ጋር ስማቸው የሚነሣ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ሐኪም መላኩ በያን ናቸው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ከመጡት የመጀመሪያ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዱ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ በኦሃዮ፣ ቀጥሎም በሃዋርድ ሕክምና ተማሩ። መላኩ የተማሩበትን ከተማ እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ አልቆጠሩም። ጥቁር አሜሪካዊት የሆኑትን ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ፤ በ1934 ከሃንስቤሪና ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ የሚመረምርና ለሕዝብ የሚያስረዳ ጉባኤ አቋቋሙ። በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ቁስለኛ አከሙ። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ መልሰው በላኳቸው ጊዜ የመጀመሪያ ድጋፍ የፈለጉት ከጥቁሮች አሜሪካውያን ዘንድ ነበር፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፣ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለውንም ጋዜጣ አወጡ። በ1940፣ የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ፣ በአርባ ዓመታቸው ገደማ አረፉ።

ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሰለፈው ማን ነበር? መንግሥታት የመሣሪያ ሽያጭ ከልክለው እጃቸውን በሰበሰቡበት ሰዓት፣ በሃርለምና በቺካጎ አደባባዮች የተሰበሰበው፣ ከደኸየ ኪሱ ሳንቲም ያዋጣው፣ ለመዝመት ስሙን ያስመዘገበው ጥቁሩ የአሜሪካ ሕዝብ ነው። ጆን ሮቢንሰን የተባለው ጥቁር አውሮፕላን ነጂ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ በርሯል። ይህ ሕዝብ ግን በገዛ አገሩ ያሻው ምግብ ቤት ገብቶ ቡና መጠጣት አይችልም ነበር። ለነጭ ጌቶች ያላደረችን አንዲት ጥቁር አገር የደገፈው ራሱ ሳይበላና ሳይከበር ነበር ማለት ነው።

በዋሽንግተን ይህን ውርደት ከሰበሩት አንዷ ሜሪ ቸርች ቴረል ናቸው። እኚህ ሴት በ1863 ተወለዱ። በ1950፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ሲሆን፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ አንድ የመሐል ከተማ ምግብ ቤት ገብተው ምግብ ጠየቁ፤ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ተከለከሉ። በ1872ና በ1873 የወጡ፣ ማንንም በዘር ምክንያት ከምግብ ቤት መመለስን የሚከለክሉ የከተማይቱ ሕጎች እንደነበሩ ያውቁ ስለነበር ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱ። ሕጎቹ ተረሱ እንጂ አልተሻሩም ነበር። እርሳቸውም ከዘራ ይዘው በሱቆች ደጃፍ ሰልፍ እየመሩ ሦስት ዓመት ታገሉ። በጁን 1953 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጎቹ ዛሬም የጸኑ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። በቀጣዩ ዓመት አረፉ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ በዚያችው ከተማ የእኛ እናቶችና እኅቶች ምግብ ቤት ከፈቱ። እንጀራ በሞሰብ ቀረበ፤ ነጩም ጥቁሩም በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ በእጁ መቍረስ ጀመረ። ይህ ገበታ የተዘረጋበት ወለል የተጠረገው በእኚያ አሮጊት ከዘራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሕጉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የፍልሰት ሕግ ለኢትዮጵያ የፈቀደው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ይህ የዘር ሚዛን የፈረሰው በ1965 ነው። በ1964 የዜጎች መብት ሕግ፣ በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ደግሞ የፍልሰቱ ሕግ ተለወጠ። ሦስቱ ሕጎች የአንድ ማዕበል ልጆች ናቸው። ለጥቁሩ ዜጋ እኩልነትን ያጎናጸፈ ትግል ለእኛም በሩን ከፈተልን።

፪. ሻንጣ ያልፈታ ትውልድ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ የመጡት ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ቁጥራቸው ጥቂት፣ አሳባቸውም ግልጽ ነበር፤ ተምሮ መመለስ። እንዲያውም ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ከተማይቱን የሚያውቋት በቤተ መጻሕፍቷና በስብሰባ አዳራሾቿ ነበር። በ1969 የተማሪዎቹ ማኅበር አባላት በዋሽንግተን የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይዘው በአገር ቤት የታሠሩት ጓደኞቻቸው እንዲፈቱ ጩኸታቸውን ባሰሙ ጊዜ፣ በዚያችው ከተማ ከአንድ ዓመት በፊት የተነሣው የጥቁሮች ቁጣ ጢስ ገና አልጠራም ነበር።

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ብዙዎች ትምህርታቸውን እያቋረጡ ወደ አገራቸው ሮጡ። ጥቂት ሳይቆይ የአብዮቱ ተስፋ በወታደራዊው አገዛዝ እጅ ወደቀ፤ በ1977ና በ1978 የቀይ ሽብር ጥይት የአንድን ትውልድ አበባ ቀጠፈ። በውጭ የነበረው መመለሻ አጣ፤ በአገር ውስጥ የነበረውም በሌሊት እየተጓዘ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያ ወጣ። ተማሪ የነበረው ስደተኛ ሆነ።

በአሜሪካ ሕግ የስደተኛው አቋም ለረጅም ጊዜ በቋፍ ላይ የቆመ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ኢትዮጵያውያን በግድ እንዳይመለሱ ጊዜያዊ ከለላ ተሰጠ። በ1980 ማርች ወር አዲሱ የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ በመጠለያ ጣቢያ የሚጠባበቁ ወገኖቻችን በሕጋዊ መንገድ መግባት ጀመሩ፤ በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ከአፍሪካ በስደተኝነት ከተቀበሏቸው ሰዎች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1981 መንግሥት ጊዜያዊውን ከለላ ለማቆም ወሰነ። ክርክርና ተቃውሞ ተነሣ፤ በ1982 ከጁን 30 ቀን 1980 በፊት ለገቡት ብቻ ከለላው ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች በቋሚነት የመኖርን መንገድ ያገኙት በ1987 መጨረሻ በወጣ ሕግ ነው። እንግዲህ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በየጊዜው የሚታደስ ወረቀት ይዞ፣ ነገ ይባረራል ወይስ ይቀራል ሳይባል ኖረ ማለት ነው። ሻንጣው ያልተፈታው በናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ ሕጉም እንዳይፈታው አዝዞት ነበር።

ስደተኛው በዚህ መሐል መብላት ነበረበት። ዋሽንግተን ፋብሪካ የላትም፤ የቢሮና የሆቴል፣ የእንግዳና የስብሰባ ከተማ ናት። ስለዚህ የተገኘው ሥራ ሰውን የማገልገል ሥራ ሆነ። የሕግ ተማሪው በመኪና ማቆሚያ በመስታወት ቤት ተቀምጦ ትኬት ቆረጠ፤ መምህሯ የሆቴል አልጋ አነጠፈች፤ የጦር መኮንኑ የሌሊት ዘበኛ ሆነ። የመኪና ማቆሚያው ሥራ በተለይ ተመራጭ ነበር፤ መኪናዎቹ በሙሉ ጧት ገብተው ማታ ስለሚወጡ፣ በመካከሉ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ከመሬት በታች፣ በጭስና በጨለማ መካከል፣ በአንድ አምፖል ብርሃን ስንት ዲግሪ እንደተነበበ የሚቆጥር የለም።

ለማን አቤት ይባል ነበር? ስደተኛው በአገሩ የሚያውቀውን ይዞ ተነሣ። ዕቁብ ተጣለ፤ ባንክ የማያበድረው ሰው በወረፋው የታክሲ መግዣ አገኘ። ዕድር ተቋቋመ፤ በባዕድ አገር የሞተ ሰው ያለ አልቃሽ አልተቀበረም። በ1980 የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከል በዋሽንግተን፣ በ1983 የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት በአጎራባቿ በአርሊንግተን ተመሠረቱ፤ አዲስ ለመጣው ቋንቋ አስተማሩ፣ ፎርም ሞሉ፣ ሥራ አፈላለጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በዚህ ጊዜ ከምሳሌነት ወጥቶ የዕለት ኑሮ ሥርዓት ሆነ።

አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህ ስደተኞች በደረሱበት ጊዜ የከተማይቱ ከንቲባ ማሪዮን ባሪ ነበሩ። ባሪ በ1960 የጥቁር ተማሪዎችን ሰላማዊ ትግል ያስተባበረው ኮሚቴ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ከንቲባነቱን የያዙት በ1979 ነው። የዋሽንግተን ሕዝብም ከንቲባውንና ምክር ቤቱን የመምረጥ መብት ያገኘው በ1973 በወጣ ሕግ ነበር። ከተማይቱ ራሷን ማስተዳደር ከጀመረች ገና ዐሥር ዓመት አልሞላትም ነበር ማለት ነው። በአገራችን የተማሪው ትውልድ በጥይት ሲያልቅ፣ በዚህች ከተማ የተማሪ ትግል መሪ የነበረ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

፫. የታክሲው ተስፋና ፈተና

ከሥራዎች ሁሉ ይልቅ የዋሽንግተንን ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሰው የታክሲ ሥራ ነው። ምክንያቱም በከተማይቱ ደንብ ውስጥ ይገኛል። በኒው ዮርክ ታክሲ ለማሠራት የሚያስፈልገው ፈቃድ በቁጥር የተወሰነ ስለነበር ዋጋው ሰማይ ነካ፤ በ2013ና በ2014 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠበት ጊዜ አለ። በዋሽንግተን ግን እንዲህ ያለ ገደብ አልነበረም። ፈተናውን ያለፈና መኪና ያለው ሰው የራሱ ጌታ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሒሳቡም በቆጣሪ ሳይሆን በቀጠና ይታሰብ ነበር፤ ከተማይቱ በካርታ ተከፋፍላ ተሳፋሪው ባቋረጠው የቀጠና ቁጥር ይከፍል ነበር። ይህን ሥርዓት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዘመን ጠብቆ ያቆየው ኮንግረሱ ሲሆን፣ የምክር ቤት አባላት ከካፒቶል እስከ መሐል ከተማ በርካሽ ለመሄድ ብለው ነው ይባላል።

ለስደተኛው ይህ ትልቅ በር ነበር። ሰዓቱን ራሱ ይመርጣል፤ ጧት ክፍል ገብቶ ማታ ይነዳል፤ በዕቁብ የገዛት መኪና ቢሮው፣ ማንበቢያውና የወሬ ማዕዱ ትሆናለች። ከእኛ በፊት ይህን ሙያ ያቀኑት ጥቁሮች አሜሪካውያን ሾፌሮች ነበሩ። ብዙዎቹ ለልጆቻቸው የኮሌጅ ገንዘብ ያገኙት በታክሲ ነው። በዚህም ሥራ ላይ እንደ ሌላው ሁሉ ተከታዮች ነን።

ነገር ግን ሥራው ያለ እሾህ አልነበረም። ሾፌሮች በሌሊት ተዘረፉ፤ የተገደሉም አሉ። ከፍርሃቱ ጋር አንድ ክፉ ልማድ ተስፋፋ። አንዳንድ ሾፌሮች እጁን ያነሣውን ጥቁር ሰው እያለፉ ቀጥሎ ለቆመው ነጭ መቆም ጀመሩ። ጉዳዩ በጋዜጣ ተጻፈ፤ ክስም ቀረበበት። ይህን ያደረጉት ከየአገሩ የመጡ ሾፌሮች ናቸው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ሾፌሮችም አሉበት። ይሁንና ከአፍሪካ የመጣ ሾፌር ባደረገው ጊዜ ቁስሉ ይበልጥ ጠለቀ። አባቱ በ1935 ለኢትዮጵያ ሳንቲም ያዋጣ ሰው፣ ኢትዮጵያዊው ሾፌር ትቶት ሲሄድ ምን ተሰማው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፍርሃት እውነት ነበር፤ ግን የፍርሃት ሒሳብ በአንድ ሕዝብ የቆዳ ቀለም ላይ ሲጻፍ፣ ከሜሪ ቸርች ቴረል ፊት ከተዘጋው በር የሚለየው በመንኮራኩሩ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና በአንድ ጊዜ ሁሉንም ሾፌር የነካ ነው። በ2007 መጨረሻ ከንቲባው የቀጠናው ሒሳብ ቀርቶ ቆጣሪ እንዲገባ ወሰኑ። ሾፌሮች ሥራ አቁመው ተቃወሙ፤ በ2008 አጋማሽ ግን ቆጣሪው ጸና። ከዚያም በ2011 መጨረሻ በስልክ የሚጠራ የግል መኪና ወደ ከተማይቱ ገባ። ለታክሲው የወጣው ደንብ ሁሉ ለእርሱ አይሠራም ነበር። ሕይወቱን ሙሉ በቁጠባ የገዛት መኪና ገቢዋ እየቀነሰ ሲሄድ ሾፌሩ አየ። የራሱ ጌታ የነበረው ሰው፣ ፊቱን አይቶ ለማያውቀው የሒሳብ መኪና ተገዥ ሆነ።

በዚህ ጊዜ የተደረገው ነገር ለታሪክ መመዝገብ ይገባዋል። በ2013 የዋሽንግተን ታክሲ ሾፌሮች ከትልቁ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተባብረው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በ2014 መኪናዎቻቸውን አሰልፈው የመንግሥቱን ዋና ጎዳና በጥሩንባ አናወጡ። በሰልፉ ውስጥ ኢትዮጵያዊው፣ ጥቁር አሜሪካዊው፣ ፓኪስታናዊውና ናይጄሪያዊው በአንድ መስመር ቆመዋል። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም። ሆኖም ዕቁቡና ዕድሩ ወገንን ብቻ ይሰበስብ የነበረው ስደተኛ፣ ወገን ካልሆነው ጋር በአንድ ጥቅም ሲሰለፍ፣ ከእንግድነት ወደ ነዋሪነት የሚያሻግረውን ደፍ ረገጠ።

፬. ጎዳናው የማን ነው?

አሁን ወደ ጽሑፋችን እምብርት እንመጣለን። በዋሽንግተን የዩ ጎዳና የተባለ ሰፈር አለ። ነጮች ጥቁሩን ከመሐል ከተማ ባገለሉበት ዘመን፣ ጥቁሩ ሕዝብ በዚህ ሰፈር የራሱን ባንክ፣ ቴያትር ቤት፣ ሆቴልና ሱቅ አቆመ። የሃዋርድ ቴያትር በ1910፣ የሊንከን ቴያትር በ1922 ተከፈቱ። ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው።

በአፕሪል 4 ቀን 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ ተገደሉ። የዚያን ምሽት በአሥራ አራተኛውና በዩ ጎዳና መገናኛ የተነሣው ቁጣ ለቀናት ከተማይቱን አቃጠለ፤ ከ13,000 በላይ ወታደር ወደ ከተማይቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ሱቆቹ ተዘግተው ቀሩ፤ ባንክ ገንዘቡን፣ መድን ሰጪው ዋስትናውን ነፈገ። የምድር ውስጥ ባቡር ሊሠራ ጎዳናው በተቆፈረ ጊዜ ከቃጠሎው የተረፈውም ነጋዴ ደንበኛ አጣ። ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው፤ ከቃጠሎው ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ።

ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ወደዚህ ሰፈር የገቡት በዚያን ዘመን ነው። ቀደም ሲል በአሥራ ስምንተኛው ጎዳና፣ አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር ምግብ ቤቶቻቸው ታውቀው ነበር፤ በዚያ ኪራይ ሲወደድ በዩ ጎዳናና በዘጠነኛው ጎዳና የተዘጉ ቤቶችን እየተከራዩ ከፈቱ። የተሰበረ መስኮት ተጠገነ፤ መብራት በራ፤ ቡና ተቆላ። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። የከተማው ምክር ቤትም በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው ቁጥር የሚናገረውን ቋንቋ በጽሑፍ እንዲተረጉሙ አዘዘ፤ አማርኛ በዚህ ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ከአፍሪካ ቋንቋዎች አንዱ በአሜሪካ ዋና ከተማ የመንግሥት ጽሕፈት ላይ ሲታተም ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

በ2005 ገደማ ነጋዴዎቻችን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። በሎስ አንጀለስ በ2002 አንድ ጎዳና ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ተሰይሞ ስለነበር፣ በዘጠነኛው ጎዳና ያለው የሱቆች መደዳም በይፋ እንዲሁ እንዲጠራ ጠየቁ። የሰፈሩ ጥቁሮች ነዋሪዎች ተቃወሙ። ይህ ሰፈር የአባቶቻችን ነው፤ ከመሐል ከተማ ስንባረር እዚህ ቆምን፤ ሲቃጠል እዚህ ነበርን፤ ስማችን ከግድግዳው ሊፋቅ አይገባም አሉ። ስያሜው በዚያን ጊዜ ሳይጸና ቀረ።

በዚህ ነገር ብዙዎች ቅር ተሰኙ። የእኛ ነጋዴ፣ ባዶ ሰፈር አቀናሁ፣ ምን በደልኩ አለ። የእነርሱ ሽማግሌ ደግሞ፣ ሰፈሩ ባዶ አልነበረም፣ የተዘጋው ሱቅ የአጎቴ ነበር አለ። ሁለቱም ያየውን ተናገረ። እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ እንደሚባለው፣ እንግዳው የሚያየው የደረሰበትን ቀን ነው፤ ነባሩ የሚያየው ከዚያ በፊት ያለፈውን ሁሉ ነው። ኢትዮጵያዊው የጎዳናውን ታሪክ ከ1990ዎቹ ጀመረ፤ ጥቁር አሜሪካዊው ከ1910 ጀመረ። ጠቡ የስም ጠብ ቢመስልም፣ ታሪክ ከየት ይጀምራል የሚል ክርክር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ለሁለቱም ወገን አንድ መልስ ሰጠ። ሁለቱ ስለ ስሙ ሲከራከሩ፣ ከሁለቱ አቅም በላይ የሆነ ኃይል መሬቱን ይገዛ ነበር። በ1970 የዋሽንግተን ሕዝብ 71 በመቶ ጥቁር ነበር፤ በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። የተሰበረ መስኮት ጠግኖ ሰፈሩን ያቀናው ነጋዴ፣ በማቅናቱ የቤት ኪራይ እንዲጨምር ምክንያት ሆነ፤ ጭማሪውም ራሱን ከቤቱ አስወጣው። ሠራተኛው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ወደ አርሊንግተንና ከዚያም ወደ ራቁት መንደሮች ሄደ። የድሮው ሽማግሌና የአዲሱ ነጋዴ የኪራይ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በአንድ ዓይነት ወረቀት የተጻፈ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዚህ ጎዳና ላይ በጊዜው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ኪራዩን በጋራ ለመግታት አንድ ላይ በተሰለፉ ነበር።

፭. የተማሪው ድርሻ

ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ? ተስፋና ፈተና በሥራ ከተማ እንደ ሁለት የተለያዩ ጎዳናዎች አይመጡም። ከለላ የሰጠው ወረቀት በየጊዜው ልትባረር ትችላለህ የሚል ወረቀት ነበር። ነፃነት የሰጠችው ታክሲ ለዘረፋና ለፍርሃት ያጋለጠችም እርሷው ናት። ሰፈር ያቀናው እጅ ኪራይ አስወደደ። በአንዱ ጎን ብቻ የሚያይ ሰው ወይ በከንቱ ይመካል ወይ በከንቱ ተስፋ ይቆርጣል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ፈተናውን ማን አሸነፈው የሚለው ነው። የ1982ቱና የ1987ቱ ለውጥ የመጣው በአቤቱታና በሰልፍ፣ ከሌሎች አገሮች ስደተኞችና ከአሜሪካውያን ደጋፊዎች ጋር በመተባበር ነው። የቋንቋው ሕግም የአማርኛ ተናጋሪው ብቻውን ያገኘው አይደለም፤ ከስፓኒሽ፣ ከቻይና፣ ከቬትናምና ከኮሪያ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጋር የተገኘ ነው። በአንጻሩ ብቻችንን በቆምንበት ቦታ፣ በዘጠነኛው ጎዳና ላይ፣ ስያሜውም ሳይጸና ቀረ፣ ኪራዩም አልተገታም።

ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀር ሥራ ነው። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ መንገዱን በተግባር አሳይተዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሃዋርድ ማስተማር ጀመሩ፤ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ ምርት ሦስት ሺህ ዓመት የተባለውን ፊልም በ1976 እንደሠሩ ሁሉ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ባርነት ደግሞ ሳንኮፋ የተባለውን በ1993 ሠሩ። ከዚያም ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ በጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ በዚያው ስም የመጻሕፍት ቤት ከፈቱ። መላኩ በያን በ1934 የጀመሩት ድልድይ እንዳልፈረሰ ይህ አንድ ምስክር ነው።

በ1980ዎቹ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ያነበቡ፣ በሌሊት የነዱ፣ አልጋ ያነጠፉ አባቶችና እናቶች ዛሬ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ላይ ናቸው። ከእነርሱ ጋር በአንድ ተርታ ታክሲ ያቆሙ፣ ሱቃቸው ሲቃጠል ያዩ ጥቁሮች አሜሪካውያን ከእነርሱም የበለጠ አርጅተዋል። የሁለቱ ታሪክ በአብዛኛው አልተጻፈም። የሁለቱን ቃል በአንድ መዝገብ ላይ የሚያኖር ተማሪ፣ ለአገሩም ለሚኖርባት ከተማም በአንድ እጅ ይሠራል። ስለ አገራችን ታሪክ የምናውቀውን ያህል ስለምንሠራበት ጎዳና ታሪክ ብናውቅ ናፍቆታችን አይጎድልም። የሚጎድለው፣ ከተማይቱ ከእኛ በፊት ባዶ ነበረች የሚለው አሳብ ብቻ ነው።